ሴራና ሕግ፦ የችሎት ቃላት ታሪክ በሆሳዕናና በሀዲያና ከምባታ ከተሞች

በሀዲይኛም ሆነ በከምባትኛ ሴራ ማለት ሕግ ማለት ነው፤ ሕዝቡ ተማክሮ ያጸናው፣ አባት ለልጅ ያወረሰው፣ የጋብቻውም የወሰኑም የደሙም ጉዳይ የሚታይበት ሥርዓት ነው። ኦሮምኛም ቃሉን በዚሁ ትርጉም ያውቀዋል። አማርኛ ግን ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅና በዚያው ፊደል፣ ለሌላ ነገር አውሎታል፤ በአማርኛ ሴራ በስውር የሚጠነሰስ ተንኰል ነው። እንግዲህ አንድ የሆሳዕና ዙሪያ ሽማግሌ ችሎት ፊት ቀርበው «ነገሩን በሴራ ጨርሰነዋል» ብለው ቢመሰክሩና ቃላቸው ሳይፈታ እንዳለ ቢመዘገብ፣ እርሳቸው በሕግ ጨረስን ሲሉ መዝገቡ አሤሩ ሊላቸው ይችላል።

ይህ ምሳሌ የቃላት ጨዋታ መስሎ ሊታይ አይገባም። ሐኪም መድኀኒት አለው፤ መሐንዲስ ብረትና ሲሚንቶ አለው፤ ዳኛ ያለው መሣሪያ ቃል ነው። ክሱ በቃል ይቀርባል፤ ምስክርነቱ በቃል ይሰማል፤ ፍርዱም በቃል ይነበባል። ከዚህ የተነሣ የችሎት ቃል ያልገባው ባለጉዳይ ባላወቀው ቃል ምክንያት መብቱን ያጣል። ለሆሳዕና፣ ለዱራሜ፣ ለሾኔ፣ ለአንጋጫና ለሺንሺቾ ነዋሪ ይህ ችግር ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ቃላቱ ከየት እንደ መጡ በመመርመር ይጀምራል።

የቀድሞው ችሎት ቃላት

ሆሳዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ የዛሬው ስሟ ከሆሳዕና በዓል ጋር የተያያዘ ነው። አካባቢው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ሲጠቃለል የማዕከላዊው መንግሥት የሙግት ሥርዓትም አብሮ ገባ። ያ ሥርዓት ፍትሐ ነገሥትን ከልማድ ጋር አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ ቃላቱ ከቤተ መንግሥትና ከአደባባይ ሙግት የተወለዱ ነበሩ። የበላዩ ዳኛ አፈ ንጉሥ ይባል ነበር፤ የንጉሡ አፍ ማለት ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ በሚኒስትርነት እንዲመሩ የተመረጡት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ነበሩ።

ከዚያ ዘመን ቃላት ብዙዎቹ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። ዋስ ለሌላው የሚቆም ሰው ነው፤ ዋስትና የሚለው የዛሬ ቃል ከእርሱ ወጣ። ይግባኝ አፈጣጠሩ የአቤቱታ ድምፅ ነው፤ ጉዳዬ ወደ በላዩ ዳኛ ይግባልኝ እንደ ማለት ነው። ባለዕዳና ባለገንዘብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው ሲሄዱ ቁራኛ ይባሉ ነበር፤ ሰንሰለቱ ቢቀርም ቃሉ በቋንቋው ውስጥ ቀርቷል። መንገደኛውም ቢሆን «በሕግ አምላክ» ሲባል ይቆም ነበር፤ ጦር ያላስቆመውን ሰው ቃል አስቁሟል።

ይሁን እንጂ ያ ሙግት የአማርኛ አንደበት ሙግት ነበር። በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ በምሳሌና በቅኔ እየተወጋጉ የሚከራከሩበት አደባባይ ቋንቋውን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው የሚመች ነበር። የሀዲያው ወይም የከምባታው ገበሬ ግን በራሱ ሴራ ጉባኤ ላይ አንደበተ ርቱዕ ቢሆንም በዚህ አደባባይ በሌላ ሰው አፍ መናገር ነበረበት። እውነቱ የእርሱ ሆኖ ቃሉ የአስተርጓሚው ሆነ።

የሕግ መጻሕፍቱ ዘመን

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 2 ፍርድ ቤቶችን በአዲስ መልክ አደራጀ። የዳኝነቱ ደረጃ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 195 ሲስተካከል ወረዳ ፍርድ ቤት፣ አውራጃ ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤትና ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ተብሎ ተከፋፈለ፤ ከዚህም በላይ የዙፋን ችሎት ነበረ። ሆሳዕና በዚያን ጊዜ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ከወረዳ የተነሣ ጉዳይ በሆሳዕና ካልተቋጨ ባለጉዳዩ መዝገቡን ተከትሎ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይወጣል ማለት ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ኦፊሴላዊ ቋንቋ ስላደረገው፣ ከታች እስከ ላይ የችሎቱ ቋንቋ አንድ ነበር።

በዚሁ ዘመን ታላላቆቹ የሕግ መጻሕፍት ተከታትለው ወጡ። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቹ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. ታወጁ። የወንጀለኛ መቅጫውን ስዊሳዊው ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩን ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ አረቀቁ፤ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ ላይ የእንግሊዙ ሰር ቻርልስ ማቲው እጅ አለበት። እነዚህ ሁሉ ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚዎቹ በአንድ በኩል ከግእዝ፣ በሌላ በኩል ከአሮጌው አደባባይ ቃል እየቀዱ አዲስ የሕግ አማርኛ አበጁ።

ሥራው ድንቅ እንደ ነበር ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ይርጋ የሚለውን መመልከት ይበቃል። ረጋ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ወተት ሲቆይ እንደሚረጋ ሁሉ፣ ጊዜው ያለፈበት ክስም ረግቶ እንዲቀር የሚያዝ ቃል ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል የሚመነጭ ጥያቄ ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር በ10 ዓመት ሲረጋ፣ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ የካሣ ጥያቄ በመደበኛው በ2 ዓመት ይረጋል። ዐቃቤ ሕግና ጠበቃም እንዲሁ ናቸው። ዐቀበ በግእዝ፣ ጠበቀ በአማርኛ፣ ትርጉማቸው አንድ ነው፤ አንደኛው ሕግን ይጠብቃል፣ ሁለተኛው ሰውን ይጠብቃል። ዳኛው በሁለት ጠባቂዎች መካከል መቀመጡን ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ቃል በቀላሉ አይገኝም።

በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት ደግሞ ሌላ የቃል ምንጭ ተጨመረ። የፋኩልቲው የመጀመሪያ ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። አሜሪካውያኑ ሮበርት ሴድለር ስለ ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት፣ ስታንሊ ፊሸር ስለ ወንጀል ሥነ ሥርዓት ያዘጋጇቸው መጻሕፍት ለብዙ ዓመታት የተማሪው መመሪያ ሆኑ። ስለሆነም ከፋኩልቲው የወጣው ባለሙያ ከፈረንሳይ የተቀዳውን ሕግ በእንግሊዝኛና በአሜሪካ ፍርድ ቤት ቃል ተምሮ፣ በአማርኛ ይሠራበት ነበር። ወደ ሆሳዕና ሲመደብ አራተኛው ቋንቋ ይጠብቀዋል፤ ለዚህኛው ግን መጽሐፍም መዝገበ ቃላትም አልተሰጠውም።

የአገሩም ሴራ በሕግ ፊት ሥፍራውን ያጣው በዚሁ ጊዜ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3347 ሕጉ በግልጽ ካላስቀራቸው በስተቀር በመጽሐፉ በተመለከቱት ጉዳዮች ላይ ይሠራባቸው የነበሩትን የልማድ ደንቦች ሻረ። ሆኖም መሻር ማለት መጥፋት አልነበረም። ሽማግሌዎች ከጥላ ሥር ተቀምጠው ማስታረቃቸውን ቀጠሉ፤ ባለጉዳዩም በሁለት ሕግ፣ በሁለት ቋንቋ ይኖር ጀመር።

አራት ቃላትና የሚያስከትሉት

የመጀመሪያው ክስ ነው። አማርኛ በወሰን ክርክር ለተጠራውም ሆነ በሰው ግድያ ለተያዘው ያው ተከሳሽ የሚል ስም ይሰጣል። በአሜሪካ የፌዴራል ፍርድ ቤትም የሚከሰሰው ወገን ስም በሁለቱም ጉዳይ አንድ ነው፤ የሚከስሰው ግን በፍትሐ ብሔር ባለጉዳዩ ራሱ፣ በወንጀል መንግሥት ስለሆነ ስሙ ይለያያል። ከዚህም ሌላ በአሜሪካ በከባድ የፌዴራል ወንጀል ክስ የሚመሠረተው ከ16 እስከ 23 የሚደርሱ ተራ ዜጎች ተቀምጠው ቢያንስ 12ቱ ሲስማሙ ነው። ለዚህ አካል በኢትዮጵያ ሕግ አቻ ስለሌለው አማርኛው ስም አላወጣለትም። በእኛ አገር መጥሪያ የደረሰው ገበሬ ተከሳሽ የሚለውን አንብቦ እስር የሚጠብቀው መስሎት ከችሎት ቢሸሽ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 70 መሠረት ነገሩ እርሱ በሌለበት ሊሰማ ይችላል። እስር በሌለበት ጉዳይ እስርን ፈርቶ መሬቱን ያጣል።

ሁለተኛው ጥፋተኛ የሚለው ነው፤ ከሁሉም ይልቅ አደገኛው ይህ ነው። ጥፋት በአማርኛ ከትንሽ ስሕተት ጀምሮ እስከ ወንጀል ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። በሽማግሌ ፊት «አጥፍቻለሁ» ማለት የጨዋ ሰው ወግ ነው፤ የዕርቅ በር የሚከፈተው በዚህ ቃል ነው፤ ያላለው ሰው ልበ ደንዳና ይባላል። በችሎት ግን ያው ቃል ሌላ ሥራ ይሠራል። በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 134 መሠረት ተከሳሹ የተከሰሰበትን ወንጀል በሙሉ ያለአንዳች ቅሬታ ካመነ ፍርድ ቤቱ ሌላ ማስረጃ ሳይሰማ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ይቅርታ ለመጠየቅ አንገቱን የደፋ ሰው በገዛ አንደበቱ ሊቀጣ ይችላል ማለት ነው። ሕጉ ይህን አደጋ አስቀድሞ አይቶ ክሱ እንዲነበብና እንዲብራራ፣ ተከሳሹ ዝም ካለ ወይም በቅሬታ ካመነ እንደ ካደ ተቆጥሮ እንዲመዘገብ አዝዟል። በአሜሪካም የፌዴራል የወንጀል ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 11 ዳኛው ተከሳሹን በግልጽ ችሎት ራሱ አነጋግሮ የሚለውን መረዳቱን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። የሁለቱም ሥርዓት ሐሳብ አንድ ነው፤ ያልገባው ሰው ያመነው ማመን አይባልም።

ሦስተኛው ይግባኝ ነው። ባለጉዳዩ ፍርድ፣ ብይንና ትእዛዝ የሚሉትን ሦስት ቃላት አንድ አድርጎ ይሰማቸዋል፤ ሁሉም ዳኛው የተናገረው ነው። ሕጉ ግን ይለያቸዋል። በክርክሩ መካከል ከሚሰጥ ትእዛዝ ወይም ብይን ላይ በመደበኛው ይግባኝ የለም፤ የመጨረሻው ፍርድ መጠበቅ አለበት። ከፍርዱ በኋላ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ቀኑ 60 ነው። በወንጀል የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀን፣ የይግባኙ ማመልከቻ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል። ከይግባኝ በላይ ያለው ሰበርም ታሪክ ያለው ቃል ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛው እንዳለ ተተርጉሟል፤ በዚያም በዚህም መስበር ማለት ነው። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበት ፍርድ ይሰበራል፤ ፍሬ ነገሩ ግን እንደገና አይመረመርም። ምስክሮቼ እንደገና ይሰሙልኛል ብሎ ወደ ሰበር የሚወጣ ሰው የሚከፍለው የትራንስፖርትና የጠበቃ ገንዘብ ቃሉን ባለማወቅ የሚከፈል ቅጣት ነው።

አራተኛው ውክልና ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ወጣቶች ብዙዎች ቀድሞ ወደ ወንጂና ወደ መተሐራ የሸንኮራ እርሻዎች ይሄዱ ነበር፤ በኋለኛው ዘመን ደግሞ ብዙዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። ስለዚህ በአካባቢው ቤተሰብ ዘንድ የውክልና ሰነድ እንግዳ ወረቀት አይደለም። ሰነዱ «ማናቸውንም ሥራ እንዲሠራልኝ» ሲል ላኪውም ተቀባዩም ቤት መሸጥን ያካተተ ይመስላቸዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በዕዳ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ክስ ለመመሥረትና ለመከላከል ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ጠቅላላ ከሚለው ልዩ የሚለው ቃል እንደሚበልጥ አስቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ፣ የስደተኛውን የዓመታት ላብ በአንድ የፈረሰ ውል ሊያጣ ይችላል።

ፌዴራል የሚለው ቃልና ሁለት ባርኔጣ ያለው ችሎት

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም ፍርድ ሸንጎ የሚባል ዳኝነት ወደ መንደር ወረደ፤ በኋላም ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተተካ። ከዚህ ደረጃ የተቀመጠው ዳኛ ጎረቤት በመሆኑ የባለጉዳዩን ቋንቋ ያውቃል፤ ችግሩ የሚጀምረው ጉዳዩ አንድ እርከን ከፍ ሲል ነው።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ፌዴራል የሚለውን ቃል ሳይተረጉም ወደ ፍርድ ቤቱ አስገባ፤ በ1988 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 25 የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1789 የወጣው የዳኝነት ሕግ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን ከክፍላተ አገሩ ፍርድ ቤቶች ለይቶ አቁሟቸዋል፤ ዛሬ 94 የመጀመሪያ ደረጃ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች፣ 13 የይግባኝ ፍርድ ቤቶችና ዘጠኝ ዳኞች ያሉት አንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሉ። ኢትዮጵያ ግን ሌላ መንገድ መረጠች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራሉን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ደርበው እንዲይዙ ተደረገ። በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 322 ሆሳዕና ያኔ ትገኝበት የነበረውን የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ጨምሮ በአምስት ክልሎች የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ደነገገ። የተደራቢው ሥልጣን ስምም ውክልና ነው፤ ለስደተኛው ሰነድ የዋለው ቃል ለችሎቱም ዋለ። ባለጉዳዩ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ዳኛ ፊት ቆሞ በየትኛው ሥልጣን እየተዳኘ እንደ ሆነ ካልተነገረው ይግባኙን ወዴት እንደሚወስድ አያውቅም።

በሰበርም ልዩነቱ ሰፊ ነው። በአሜሪካ የክፍለ አገር ሕግ ትርጉም በክፍለ አገሩ የበላይ ፍርድ ቤት ያበቃል። በኢትዮጵያ ግን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 መሠረት በየትኛውም እርከን ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ተደርጓል። በዚህም ምክንያት አዲስ አበባ ላይ አንድ የአማርኛ ቃል የተሰጠው ፍቺ ሆሳዕናና ዱራሜ ላይ ያለውን ሙግት ይወስናል።

አስተርጓሚው

ይህ ሁሉ ታሪክ በመጨረሻ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል፤ እርሱም በዳኛውና በባለጉዳዩ መካከል የሚቆመው አስተርጓሚ ነው። ሕጉ ይህን ሰው ገና ከመጀመሪያው አልዘነጋውም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27 የተያዘው ሰው መልስ ያለመስጠት መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል እንዲነገረው አዘዘ። በአሜሪካ ይህን የመሰለው ማስጠንቀቂያ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚራንዳ ውሳኔ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1966 ስለሆነ የኢትዮጵያ ሕግ አራት ዓመት ተኩል ገደማ ቀድሞታል። ያው አንቀጽ ቃሉ የሚመዘገብበትን ቋንቋ በሚገባ ለማያውቅ ሰው ችሎታ ያለው አስተርጓሚ እንዲሰጠው፣ አስተርጓሚውም የጥያቄና መልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ ይላል። አንቀጽ 126 ደግሞ አስተርጓሚው የተከሳሹ ወይም የከሳሹ ዘመድ ወይም በጉዳዩ ምስክር እንዳይሆን ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የፍርድ ሂደቱ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ ክርክሩ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት ሰጠው። አሜሪካ ለፌዴራል ፍርድ ቤቶቿ የአስተርጓሚዎችን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ያ ሕግ አስተርጓሚዎች በፈተና እየተመዘኑ ማረጋገጫ የሚያገኙበትን መንገድ ዘርግቷል።

እንግዲህ በመብቱ ረገድ የጎደለ ድንጋጌ የለም። የጎደለው መሣሪያ ነው። ሁለት ቋንቋ መናገር የሚችል ሰው ሁሉ አስተርጓሚ አይሆንም። ይርጋን ያልተረዳ ሰው ይርጋን ወደ ከምባትኛ ሊያሻግር አይችልም፤ «ድርጊቱን ፈጽሜአለሁ፣ ነገር ግን ጥፋተኛ አይደለሁም» የሚለውን የተከሳሽ መልስ ሁለት ክፍል እንዳለው ያላስተዋለ አስተርጓሚ በአንድ «አዎን» ሊያጠቃልለው ይችላል። የተቆረጠችው ግማሽ ዐረፍተ ነገር ግን የሰውየው መከላከያ በሙሉ ነበረች።

ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተማ ሆናለች፤ ሀዲያና ከምባታም በየዞናቸው ይተዳደራሉ። የሕግ መጻሕፍቱን ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች በዘመናቸው የሠሩት ሥራ ዛሬ ለሁለቱ ቋንቋዎች እንደገና የሚሠራበት ጊዜ ነው። ሥራው የሚጀምረው ከትንሽ ነው፤ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና ቋንቋዎቹን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አብረው ተቀምጠው በችሎት ዕለት ዕለት የሚነገሩትን ቃላት በሦስት ዓምድ ቢያሰፍሩ፣ አስተርጓሚውም ተከሳሹም አንድ የሚደገፉበት ነገር ያገኛሉ። ቃሉ አቻ ሲያጣ ትርጉሙ በግልጽ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ አማርኛም ቢሆን ይርጋን ያገኘው ተርጓሚው ከገዛ ቋንቋው ውስጥ ፈልጎ ነው እንጂ ተውሶ አይደለም።

የዚያ መዝገብ የመጀመሪያ መስመርም ከወዲሁ የታወቀ ነው። በአማርኛው ዓምድ ሕግ፣ በሀዲይኛውና በከምባትኛው ዓምድ ሴራ ተብሎ ይጻፋል፤ ከጎኑም፣ ሽማግሌው «በሴራ ጨርሰነዋል» ሲሉ ታረቅን ማለታቸው እንጂ አሤርን ማለታቸው እንዳልሆነ ይመዘገባል።